ኮርኒስ ወለል አይደለም፦ ስለ ጣሪያ ሥር ክፍል ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ የሆኑ እናት አራት ገጽ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። እትዬ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ልጆቼ ሲወለዱ ገንፎ ያገነፉ፣ እኔ ለሥራ ከአዳማ ወጥቼ ስከርም ቤተሰቤን ያልተለዩ ሴት ናቸው። «እስቲ ይህን አንብበውና ሐሳብህን ንገረኝ፤ ቺፑዱን እንኳ ገዝቼዋለሁ» አሉኝ። የመጨረሻ ልጃቸው በጥር ይሞሸራል። የቤት ኪራዩ ከደመወዙ ጋር አልገጥም ስላለ ሙሽሮቹ ለጊዜው ከእናት ጋር ሊኖሩ ተቆርጧል። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ የብሎኬት ቤት ነው፤ አንድ ክፍል ጎደለ።

ወረቀቱ በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በትንሽ ገንዘብ ወደ መኖሪያ ክፍል ስለመለወጥ የተጻፈ ነው። ፍሬ ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ መሠረቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው አስቀድሞ ስላለ ክፍሉ ግቢ ውስጥ ከሚሠራ ቤት በሲሶ ዋጋ ያልቃል፤ የኮርኒሱ እንጨት ወፍራም ቺፑድ ሲመታበት ወለል ይሆናል፤ መተላለፊያ የሚዘጉትን የጣሪያ እንጨቶች ቆርጦ ማንሣት ይቻላል፤ ሙቀቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር ፎምና አንድ ማራገቢያ ይፈቱታል፤ ለመውጫ መሰላል ይበቃል፤ ከውጭ ስለማይታይም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም። ለቸገረው ሰው መላ ለመፈለግ ተነሥተው እንደጻፉት ግን ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ስለዚህ ምላሼ የሚመለከተው ሐሳቡን ነው። እኔ አዳማ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ፣ መጀመሪያ በአናጢነት በኋላም በሥራ ተቆጣጣሪነት፣ ዕድሜዬን ጣሪያ ሥር ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ዝም ማለት ያልቻልሁት በዚህ ምክር የሚሠራው ክፍል ሰው የሚተኛበት፣ ከሥሩም ሌላ ሰው የሚተኛበት ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በፊት ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣውን ላንሣ፤ ቁመቱን። በአራቱም ገጽ ላይ «ሜትር ይዘህ ውጣ» የሚል ቃል የለም። የእትዬን ወረቀት አንብቤ እንደጨረስሁ መሰላል አቁሜ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ባለችው መውጫ ወደ ጣሪያው ሆድ ገባሁ። ቤቱ ስምንት ሜትር ስፋት አለው፤ የቆርቆሮው ተዳፋት በከተማችን እንደተለመደው ዝቅ ያለ፣ ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። ጣሪያው ከሁሉ ከፍ በሚልበት በመሐል ጉልላቱ ሥር ለካሁት፤ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር። በጉልበቴ ተንበርክኬ እንኳ ጭንቅላቴ ቆርቆሮ ይነካ ነበር። እዚያ ቦታ ሙሽራ ይቅርና ሻንጣ እንኳ በወጉ አይቆምም።

ይህ የእትዬ ቤት ጉድለት አይደለም። ዛሬ በአዳማ የሚሠሩት አብዛኞቹ ቤቶች ቆርቆሮና እንጨት ለመቆጠብ ሲባል ተዳፋታቸው ዝቅ ያለ ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ስምንት ሜትር ስፋት ባለው ቤት ላይ 30 ዲግሪ ተዳፋት ያለው ጣሪያ ቢኖር ጉልላቱ ሥር 2 ሜትር ከ30 ይሆናል። ደስ ይላል። ነገር ግን እውነተኛ የወለል ተሸካሚ እንጨት ሲገባ 15 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ከቀረው ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ማለትም 1 ሜትር ከ80 እና ከዚያ በላይ ቁመት ያለው፣ በመሐል 1 ሜትር ከ25 የምትሆን ጠባብ መንገድ ብቻ ናት። የቀረው ሁሉ ለመጎንበስና ለመዳህ ነው። ተዳፋቱ 40 ዲግሪ ሲሆን ግን ያው መንገድ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ያኔ ክፍል ብሎ መጥራት ይቻላል። በቀድሞው የባቡር ጣቢያ አካባቢ እንዲህ ያለ ቁልቁል ጣሪያ ያላቸው ጥቂት አሮጌ ቤቶች ላይ ሠርቻለሁ። ለእነሱ ባለቤቶች ጽሑፉ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችል ነበር። ጸሐፊው ግን ለሁሉም ቤት ነው የጻፉት።

አሁን ወደ ነጥቦቻቸው ልሂድ።

«መሠረቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው አስቀድሞ አለ፤ ስለዚህ በሲሶ ዋጋ ያልቃል» ይላሉ። መሠረቱን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ በደህና ድንጋይ የተሠራ መሠረት ቀለል ያለ የእንጨት ወለል ቢጨመርበት አይደነግጥም። ግድግዳው ግን ሌላ ነገር ነው። የጭቃ ግድግዳ በአጠናና በጭድ የቆመ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ እንዲሸከም እንጂ ፎቅ እንዲሸከም አልተሠራም፤ በጭቃ ቤት ላይ ይህን የሚያስብ ሰው ካለ እባኩን ይተወው። የብሎኬት ግድግዳም ቢሆን በላዩ ዙሪያውን የታሰረ የአርማታ ቢም ከሌለው የወለል ተሸካሚው ጫፍ የሚያርፍበትን ነጥብ ይሰነጥቀዋል፤ በተለይ ተሸካሚው ከመስኮት አናት ላይ ሲውል። እትዬ ቤት ይህን ቢም ለማየት ልስኑን በሁለት ቦታ ፈቅፍቀን ነው ያረጋገጥነው።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍሁት ነገ ስለሚቀየር። ነገር ግን በዚያ «ሲሶ» ውስጥ ያልተቆጠሩትን ልጥቀስ፦ አዲስ የወለል ተሸካሚ፣ ደረጃ፣ የሙቀት መከላከያና መሸፈኛው፣ መስኮት፣ ከቦታው የሚነሣው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሥራው ሲሠራ የሚበላሸው የታችኛው ኮርኒስና ቀለም፣ ሥራው እስኪያልቅ ቤተሰቡ የሚያድርበት። እነዚህ ሲደመሩ ሲሶው ሲሶ ሆኖ አይቀርም። በጎን ደግሞ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ የግቢ ክፍል፣ በተለምዶ ሰርቪስ የምንለው፣ ዙሪያው 14 ሜትር ነው። በ2 ሜትር ከ60 ቁመት በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 33 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይሆናል፤ አንድ ካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ስለሚፈጅ ከ410 ብሎኬት ትንሽ ይበልጣል። ሰው ይህን ይዞ ብሎኬት ሻጭ ዘንድ ሄዶ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጨምሮ፣ ከጣሪያው ሥራ ጋር በራሱ እጅ ያወዳድር። የእኔን ቃል አይመን፤ የጽሑፉንም አይመን።

ሁለተኛው ነጥብ ወለሉ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የኮርኒስ እንጨት ኮርኒስ ይሸከማል። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ እንጨት 5 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ከዚያም ያንሳል። በየዘመኑ የሰቀልነው ኮርኒስ ሁሉ፣ ከአቡጀዲውና ከማዳበሪያው ጆንያ እስከ ቺፑዱና ጅብሰሙ፣ ቀላል ነገር ነው። ተሸካሚውም ለዚያ ክብደት የታሰበ ነው፤ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ቢታሰብለት ነው። የመኖሪያ ወለል ግን በሕንጻ ሥራ ደንብ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ሆኖ ይሰላል። 12 ካሬ ሜትር የሆነች ትንሽ ክፍል ማለት እንግዲህ 2,400 ኪሎ ግራም ናት፤ 24 ኩንታል ጤፍ። ማን ነው 24 ኩንታል ጤፍ ኮርኒሱ ላይ የሚጭን? አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሁለት ሰው፣ ለምርቃት የመጡ ዘመዶች ሲታከሉበት ቁጥሩ ሩቅ አይደለም።

«እንጨቱ አይሰበርም፤ ትንሽ ይረግባል እንጂ» የሚሉኝ ባለቤቶች አሉ። የእንጨት ጥንካሬ ከስፋቱ ይልቅ በቁመቱ ይወሰናል፤ ቁመት ስል ርዝመቱን ሳይሆን ከታችኛው ፊቱ እስከ ላይኛው ፊቱ ያለውን ልክ ማለቴ ነው። ቁመቱ በእጥፍ ሲጨምር መሸከሙ አራት እጥፍ፣ አለመርገቡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 5 በ20 የሆነ ጣውላ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ 5 በ7 ከሆነው ሞራሌ ጋር ሲነጻጸር ከስምንት እጥፍ በላይ ይሸከማል፤ ለመርገብ ደግሞ 23 እጥፍ ይከብዳል። እንጨቱ የፈጀው ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። በጣሪያ ሥር ክፍል ውስጥ ገንዘብ በትክክል የሚቆጠበው በዚህ ነው፤ ብዙ ሞራሌ ከመደርደር ጥቂት ቁመት ያላቸውን ጣውላዎች በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ማቆም። ጣውላ ካልተገኘ ቱቦላሬ ብረት ይሠራል፤ የሚገጥመው በያጅ ግን ውፍረቱን ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ይሥራ፤ በዓይን ግምት ብቻ መግዛት አይገባም። ጫፎቹ ከግድግዳ ግድግዳ ይድረሱ፤ ቢሙ ላይ ይረፉ፤ ከድሮው የኮርኒስ እንጨት ጋር ጨርሶ አይነካኩ። እንዲህ ሲሆን የታችኛው ኮርኒስ አይሰነጠቅም፤ ላይ የሚሄድ ሰው እግሩም ታች ያለውን ሕፃን አይቀሰቅስም።

ቺፑዱስ? ለቁም ሣጥን ጥሩ ነው። ወለል ላይ ግን ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ አይመለስም፤ ቆርቆሮ ደግሞ አንድ ክረምት ላይ ማፍሰሱ አይቀርም። በእሱ ፋንታ ወፍራም ኮምፔልሳቶ ወይም ተላግቶ ጎን ለጎን የሚገጠም ጣውላ ይሻላል።

ሦስተኛውን ነጥብ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንሁም። «መተላለፊያ የሚዘጉትን እንጨቶች ቆርጦ ማንሣት» የሚለውን። ጣሪያ የሚቆመው ትራስ በምንለው ባለ ሦስት ማዕዘን ማዕቀፍ ነው። ሁለቱ ተዳፋት እንጨቶች ጣሪያው ሲጫናቸው እግራቸውን ወደ ውጭ መክፈት ይፈልጋሉ። ታች ያለው አግዳሚ እንደ መቀነት አስሮ ይይዛቸዋል። መሐል ያሉት ሰያፍና ቋሚ እንጨቶች ደግሞ ተዳፋቶቹ መሐላቸው ላይ እንዳይጎብጡ ይደግፏቸዋል። ሥራ ፈት የሚመስል እንጨት አንድም የለበትም። ሰያፉን ስትቆርጡ ተዳፋቱ ይጎብጣል፤ አግዳሚውን ስትቆርጡ መቀነቱ ተፈታ ማለት ነው፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም። መጀመሪያ የግድግዳው ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትታያለች፤ ቀጥሎ በር አልዘጋ ይላል፤ ባለቤቱ በሩን ያስላጋል።

አንድ ጊዜ በቦኩ ሸነን አቅጣጫ በሚገኝ ሰፈር እንዲህ የተቆረጠ ጣሪያ ለማቃናት ተጠርቼ ነበር። አባትየው በገዛ እጃቸው ነበር የሠሩት፤ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ማጥኛ ክፍል ብለው። አራት ሰያፎች ተነሥተዋል። ጉልላቱ በመሐል አንድ ስንዝር ወርዶ ነበር፤ ልጆቹ ከሥሩ ዴስክ ዘርግተው ያጠናሉ። ሰውየው ሲያዩት የነበሩት ቆርቆሮው ማርጀቱን ነው እንጂ እንጨቱ መጎንበሱን አላስተዋሉም። በዚያው ቀን ልጆቹን አውርደን በአጠና ደገፍነው። ማቃኛው ክፍሉን ለመሥራት ከወጣው ገንዘብ በለጠ። እኚህ አባት ጥፋተኛ ናቸው አልልም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ግን ነጋሪ ሆኖ ተሰይሟል፤ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ነው።

በዚህ ላይ ከተማችን የነፋስ ከተማ ናት። ከአዳማ ወጣ ብሎ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች የማያውቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ያን ሁሉ ክንፍ የሚያሽከረክረው ነፋስ በጣሪያዎቻችንም ላይ ያልፋል። ቆርቆሮን ከላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በጉልላቱ ግድግዳ ላይ አዲስ መስኮት ከፍተን ነፋሱን ካስገባነው ደግሞ ከታችም ይገፋዋል። የተቆረጠ ትራስ ይህን ሁለቱን አይችልም። መስኮት የሚከፍት ሰው በሁለቱም ጫፍ ፊት ለፊት ይክፈት፤ ትራሱ ከቢሙ ጋር በብረት መታሰሩንም አስቀድሞ ያረጋግጥ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቶ ሌሊት ከቤት ወጥተን እንዳደርንም አንርሳ። በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች ክብደት ወደ ላይ ማውጣት ከሌላው ሰው ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ ሙቀቱ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ፎም ሙቀት ይቀንሳል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትሩም ቢሆን ከራቁት ቆርቆሮ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ቆርቆሮ በእጅ አይነካም፤ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ያ ትኩስ ብረት ከራስ ቅላችሁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እንደ ምጣድ ወደ ታች ይጋረፋል። ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ አየሩ ከሰውነታችን በላይ ሲሞቅ ትኩስ አየር ነው የሚያመጣብን። ስለዚህ ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይውጣ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ የውጭ ቀለም መቀባት፤ ከሁሉ ርካሹ ይኸው ነው፤ የፀሐዩን ሙቀት ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ይመልሰዋል። ቀጥሎ አየር፤ ከክፈፉ ሥር ዝቅ ያለ መግቢያ፣ ከጉልላቱ አጠገብ ከፍ ያለ መውጫ፤ ትኩስ አየር ራሱ ወጥቶ ይሄዳል፤ መብራት አይጠይቅም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወንፊት ይኑራቸው፤ በአዳማ ወባ አለና፤ የሌሊት ወፍና አይጥም ይህን ቦታ ይወዱታል። ከዚያ በኋላ ነው ፎሙ የሚመጣው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከቆርቆሮውም ጥቂት ራቅ ብሎ አየር እንዲያልፍበት።

ከሥሩ ግን የግድ ጅብሰም ቦርድ ይልበስ። ጽሑፉ ፎሙን ራቁቱን ማስቲሽ ቀብቶ መለጠፍን ይመክራል። ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲነድ ይንጠባጠባል፤ ጥቁርና መርዛም ጭስ ያወጣል። ከጎኑ ያለው ደግሞ ኮርኒስ ላይ እንደነገሩ የተጋደመ፣ በቴፕ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከመተኛቱ በፊት ሽቦው ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይግባ፤ መገናኛዎቹም በሳጥን ይዘጉ። አንዳንድ ሰው ለምስጥ ብሎ የድሮ እንጨቶችን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ለዕቃ ቤት ይሁን፤ ለመኝታ ክፍል ግን ሽታውም እሳቱም አደጋ ነው። የከሰል ምድጃ ወደዚያ ክፍል አይውጣ። ታች ቡና ሲፈላም ጭሱና የማይታየው የከሰል መርዝ በደረጃው ቀዳዳ አድርገው ወደ ላይ መውጣታቸውን እናስብ፤ ላይ የሚተኙት ሕፃናት ከሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሌሊቱ ግን አንድ መልካም ነገር አለ። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይበርዳል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጣሪያ ሥር መተኛት ይቻላል። ስለዚህ ለመኝታ ይሆናል፤ ቀን ለማጥናት፣ ለልብስ ስፌት ወይም አራስ ለማስተኛት አይሆንም። የበረደው ቆርቆሮ ግን ትንፋሻችንን ወደ ጤዛ ለውጦ ያንጠባጥባል፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳው ለዚህም ያስፈልጋል።

መሰላሉን በተመለከተ አጭር ልሁን። ዕቃ ለማውረድ መሰላል ይበቃል። እኩለ ሌሊት ላይ ሽንት ቤት ለሚሄድ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ለታቀፈች እናት መሰላል ወጥመድ ነው። ደህና ደረጃ ደግሞ ቦታ ይበላል፦ 2 ሜትር ከ80 ለመውጣት 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆኑ 16 እርከኖች ያስፈልጋሉ፤ መርገጫው 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ርዝመቱ 3 ሜትር ከ75 ይደርሳል። በ80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሦስት ካሬ ሜትር ከታችኛው ቤት ይወሰዳል ማለት ነው። ላይ 11 ካሬ ለማግኘት ታች 3 ካሬ የሚሰጥ ሰው ያተረፈው ስምንት ነው። ጽሑፉ ይህን ቅነሳ አላሳየም።

ፈቃዱም እንደዚሁ። የሕንጻ አዋጁ ግንባታ ሲል አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አላለም፤ ያለውን ሕንጻ ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ይጨምራል። ከውጭ መታየትና አለመታየት መለኪያ አይደለም። ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዶ ዕቅድ ማስገባት ያደክማል፤ አውቃለሁ፤ እኔም ተሰልፌበታለሁ። ነገር ግን ያ ዕቅድ ቢያንስ አንድ ባለሙያ የወለሉን ተሸካሚ አስልቶ እንዲፈርም ያስገድዳል፤ ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው።

እንግዲህ አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ምን ያድርግ? ጣሪያው ቁልቁል ከሆነና ቁመቱ ከተገኘ፣ ከላይ በጠቀስሁት ቅደም ተከተል ይሥራ፤ የመጀመሪያው ገንዘብ ለተሸካሚው፣ ሁለተኛው ለሙቀትና ለአየር፣ ሦስተኛው ለደረጃ፤ ቀለምና ጌጡ ዓመት ቢቆይ ማንም አይጎዳም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ሆኖ ቆርቆሮው አርጅቶ ሊለወጥ ከሆነ ግን ያችን አጋጣሚ አያሳልፋት። ቆርቆሮው በወረደበት ሳምንት ግድግዳውን አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ አዲስ ትራስ መስቀል፣ በኋላ ለብቻው ከሚሠራው እጅግ ይረክሳል፤ መፍረሻውና መሥሪያው አንድ ስለሚሆን። ሦስተኛውን መንገድ አባቶቻችን ያውቁታል፤ ቆጥ። ቆጥ ሙሉ ፎቅ አይደለም። ከክፍሉ ግማሽ ላይ ኮርኒሱን አንሥቶ፣ ከወለሉ 2 ሜትር ከ10 ከፍታ ላይ፣ ታች ወለሉ ላይ በቆሙ የራሱ እግሮች የሚሸከም መደብ መሥራት ነው። ግድግዳውን አይነካም፤ የትራሱ አግዳሚ አይቆረጥም፤ አልጋው በሁለት አግዳሚዎች መካከል ይገባል። ሰው ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል፤ አይቆምበትም። ከሥሩ ጠረጴዛ ወይም ቁም ሣጥን ይገባል። ለአንድ ወጣት ወይም ለሁለት ተማሪ ልጆች በእንጨት ወጪ ብቻ የሚገኝ መኝታ ነው።

ለእትዬ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላልኋቸውም። ከጣሪያው ወርጄ ቤቱን እንደገና ስዞር ከሳሎኑ ጀርባ በሯ በመጋረጃ የተሸፈነ ክፍል አየሁ። ሁለት ሜትር ከ70 በሦስት ሜትር፤ መስኮት ያላት፣ ኮርኒሷ ደህና የሆነ፣ ግድግዳዋ ደረቅ። ውስጧ የጤፍ ጆንያ፣ ሁለት በርሜል፣ የድሮ አልጋ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ደብተር ሳይቀር እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ዕቃው በቤቱ ካሉት ሁሉ በተሻለው ቦታ ተኝቷል፤ ሰው ደግሞ ቆርቆሮ ሥር ሊወጣ ነበር። ርካሽ ሥራ ለዕቃ ይበቃል። በርሜል ሙቀት አይሰማውም፤ መሰላል ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ግቢው ጥግ፣ ከፓፓያው ዛፍ አጠገብ፣ በአጠናና በቆርቆሮ ሁለት በሁለት ተኩል የሆነች ዕቃ ቤት ትሠራለች፤ ወለሏ ከመሬት ከፍ ብሎ ጤፉ ከምስጥና ከእርጥበት እንዲርቅ። ለእሷም ቢሆን ፈቃድ ክፍሉን እጠይቃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

እትዬ ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ ቆዩና «ቺፑዱስ ምን ይሁን?» አሉ። ከገዟቸው ስምንት ቺፑዶች አምስቱ በዚያች ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ ለሚገጠም ቁም ሣጥን ይበቃሉ፤ ሦስቱን ሻጩ እንዲመልስላቸው ነገ አብረን እንሄዳለን። ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው፣ እኔና የእኔ ሁለት ልጆች በርሜሎቹን እናወጣለን።